እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?

ታሪክ የሚወድ አባት የገጠማቸው ልጆች ያሳዝኑኛል፤ በተለይ የእኔዎቹ። የሰው አባት ወደ ቤቱ ሲገባ ከረሜላ ይይዛል፣ እኔ ዓመተ ምሕረት ይዤ እገባለሁ። ውኃ ልንቀዳ ወደ ተከዜ ስንወርድ «ይህ ወንዝ እኮ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፣ የሰሜንን ገደል ሰንጥቆ…» ብዬ ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ትልቋ ልጄ ጀሪካኗን ተሸክማ መንገድ ጀምራለች። መካከለኛው ወንዱ ጨዋ ነውና እስከ መጨረሻው ይሰማኛል፤ ከዚያ «አባዬ፣ ዓሣ አለው?» ይላል። ትንሹ ድንጋይ ይወረውራል። የባለቤቴ ምክር አጭር ነው፦ «መጀመሪያ ውኃው ይምጣ፣ ታሪኩ በኋላ ይደርሳል።»

የምንኖርባትን ሐምዳይትን ለማያውቅ፦ ሱዳን ውስጥ ያለች፣ ግን ከወንዙ ማዶ ኢትዮጵያ የምትታይባት፣ ኤርትራም ሩቅ ያልሆነባት ጥግ ናት። ተከዜ እዚህ ሲደርስ ሰቲት ይባላል፣ ከዚያ ከአትባራ ጋር ይገናኝና ወደ ናይል ይሄዳል። በስተደቡብ የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ ዓይን እስኪደክም ተዘርግቷል። በጥቅምት 2013 የትግራዩ ጦርነት ሲፈነዳ የሑመራና የአካባቢው ሰው ይህን ወንዝ በጀልባም፣ በእግርም፣ በሰው ጀርባም ተሻገረ፤ 2 ወር ሳይሞላ ድንበሩን ወደ ሱዳን ያለፈው ከ50 ሺህ በላይ ሆነ። እኛም ከነዚያ ውስጥ ነበርን። አሁን ከሣርና ከእንጨት በተሠራች ራኩባ ሥር ሻይ እሸጣለሁ፣ በሶላር ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ። ስልኩ እስኪሞላ ሰው የትም አይሄድም፤ ለታሪክ አፍቃሪ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም።

ልጆቼን ግን በቻርጀር ማሰር አልቻልኩም። ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ። ነገሥታቱን በየተራ ደረደርኩላቸው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በመጨረሻ ያዳነኝ ዝሆን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በኋላ ሚስቱ ከሆነችው ሴት ጋር እዚሁ ሰቲት ዳር መጥቶ ነበር፤ ያየውንም በ1867 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞታል። ካየው ሁሉ ያስደነቀው የሐምራን ዓረቦች ዝሆን የሚያድኑበት መንገድ ነው። ጠመንጃ የላቸውም፣ ፈረስና ሰይፍ ብቻ። አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን ያናድድና ይሸሻል፤ ዝሆኑ እሱን ሲያባርር ሌላው ከኋላ ይደርስና ከፈረሱ ዘልሎ ወርዶ የኋላ እግሩን ጅማት በሰይፍ ይቆርጣል። «እዚሁ?» አለ ልጄ። «እዚሁ።» «የት ጋ?» ውኃ የምንቀዳበትን አቅጣጫ በደፈናው አሳየሁት። ዓይኑ ሲበራ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጎረቤታችን ሐጂ ወደ ራኩባዬ መጡ። ሻይ አላዘዙም። «ልጅህ አህያዬን ዝሆን አድርጎብኛል» አሉ በተረጋጋ ድምፅ፤ «አንዱ የእኛ ልጅ ከፊት ይሮጣል፣ ያንተው ዱላ ይዞ ከኋላ። አህያዋ ውኃ ጭና ነበር።» ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ሻይም ጋበዝኩ። ሐጂ ሻዩን ፉት ብለው ትንሽ አሰቡና «ቅድመ አያቴ በዚህ መንገድ ያደኑ ነበር ይባላል» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የእኔ ተማሪዎች ጨምረዋል፤ ሐጂም አንዱ ናቸው፣ አንዳንዴም መምህሩ እሳቸው ይሆናሉ።

የዘመን ነገር ካነሣን፣ ሐምዳይት ውስጥ ሰዓት የነገረህን ሰው «የማን ሰዓት?» ሳትል ከተነሣህ ወይ ቀድመህ ወይ ዘግይተህ ትደርሳለህ። ሱዳን ከ2000 እስከ 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰዓቷ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 2017 መንግሥታቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ መለሰው። ስለዚህ በሑመራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን በሐጂ የእጅ ሰዓት 7 ነው። ይህን ለልጄ ሳስረዳው «ስለዚህ ሱዳኖች 5 ሰዓት ይቀድሙናል» አለ። «የለም፣ እንዲያውም 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው» አልኩት። «7 ከ2 አይበልጥም እንዴ?» ይበልጣል። እኔ ስለ ፀሐይ መውጫ፣ ሰዓት ከንጋት ስለ መቁጠር፣ ከእኩለ ሌሊት ስለ መቁጠር ጀመርኩ። እሱ አቋረጠኝ፦ «እንግዲያ ወንዙን ዋኝቼ ብሻገር በ1 ሰዓት አረጃለሁ፣ ተመልሼ ብዋኝ በ1 ሰዓት እታደሳለሁ።» እማማ፣ ማለትም አማቴ፣ ከወዲያ ሆነው ሰምተው «እኔንም ይዘኸኝ ተሻገር፣ ስንመለስ ግን እዚያ እንዳትረሳኝ» አሉት።

ታሪክ ወደ ቤታችን በእግሩ የገባው በእሳቸው በኩል ነው። ትልቋ ልጄ የደብተር ሰው ናት። አንድ ቀን የሁላችንንም ዕድሜ ልመዝግብ ብላ ተነሣችና አያቷ ፊት ተቀመጠች።

«እማማ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?»

«እንጃ ልጄ። ብቻ ሰኔ ሚካኤል ነው የተወለድኩት።»

«ዓመቱስ?»

«ሚካኤል ዓመት አይልም።»

ይህ የአማቴ ጉድለት አይደለም፣ የሀገሩ ደንብ ነው። የእኛ ሰው የተወለደበትን ቀን አይስትም፤ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27 እያለ ከታቦቱ ጋር ያስረዋል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣም ጎረቤቱ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ስለሚሄድ ምስክር አይጠፋም። ዓመቱ ነው ሜዳ ላይ የሚቀረው። እሱንም ቢሆን በቁጥር አይዙትም፣ በሆነ ነገር ይይዙታል፤ ጣልያን የገባ፣ ንጉሡ የወረዱ፣ ድርቁ የመጣ፣ ደርግ የወደቀ። እንዲህ ያለውን ሰው ዕድሜውን የጠየቀ ሁሉ የሀገር ታሪክ ሳይሰማ አይነሣም። ልጄ ይህን አላወቀችም ነበር፣ እኔም አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት ጀሪካን ታነሣለች።

«ምን በሆነ ዓመት ነው?» አለች።

«እናቴ ስትለኝ፣ ግርግሩ ከሆነ ከዓመቱ በኋላ ባለው ሰኔ።»

«የምን ግርግር?»

እዚህ ላይ እኔ ብርጭቆ ማጠብ አቆምኩ። ራሴን ግን ያዝኩ፣ ቃል አልተናገርኩም። ልጅቷ ራሷ ዞራ «አባዬ፣ የምን ግርግር ነው?» አለችኝ። እንዲህ ተብዬ ተጠይቄ አላውቅም! ታኅሣሥ 4 ቀን 1953፣ ንጉሡ ብራዚል ሄደው ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ከሸፈ። ልጄ ጻፈች። ወንድ ልጄ ብራዚል ሲባል ስለ ኳስ የመጣ መስሎት ነበር። እማማ ደግሞ ነገሩ ሁሉ የሌላ ሰው ጉዳይ መስሎ «እናቴ ይህን ሁሉ አታውቅም፤ ሬዲዮ ያለው ሰው ግርግር ሆነ ብሏት ነው» አሉ። ልጄ አስባ አስባ ሰኔ 12 ቀን 1954 ብላ አሰመረችበት። አማቴ በዕድሜያቸው ላይ የተጫነ ቁጥር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። «ብዙ ነው ጥቂት?» አሉ።

ከዚያ የሁላችን ተራ ደረሰ። እኔ አብዮቱ የፈነዳ ዓመት ነኝ፣ 1966፤ አባቴ ሲበሳጭብኝ «ከአንተ ጋር ነው መከራው የመጣው» ይለኝ ነበር። ባለቤቴ የ77ቱ ድርቅ ናት፣ የእሷን ቆይተን እንመጣበታለን። ወንዱ ልጅ በመጋቢት 2003፣ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ በተጣለበት ወር ነው። ይህ የኩራቱ ምንጭ ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ ግን ተከፋ። «እሱ ጨረሰ፣ እኔ ገና 8ኛ ክፍል አልጨረስኩም» አለ። እኔ ለግድቡ የተዋጣውን ገንዘብ ላንተም ብናዋጣልህ ኖሮ ልለው ነበር፣ ተውኩት።

ትልቋ ራሷ ጳጉሜን 6 ቀን 1999 ናት፤ አዲሱ ሚሌኒየም ሊገባ አንድ ሌሊት ሲቀረው። ሀገር ሁሉ ርችት ሲተኩስ እኔ አዋላጅ ፍለጋ እሮጥ ነበር። ጳጉሜን 6 በየ4 ዓመቱ ነው የምትመጣው፤ ስለዚህ ይቺ ልጅ በዕድሜዋ ልደቷ የዋለው በ2003፣ በ2007፣ በ2011 እና በ2015 ብቻ ነው። ቀጣዩ 2019 ነው። በሕፃንነቷ ይህን ስነግራት ስጦታ ለማስቀረት ያመጣሁት ተንኮል መስሏት አልቅሳለች።

ለዚህ ነው የስደተኛ ካርድ ሲሠራልን ያልተቆጣችው እሷ ብቻ የሆነችው። ድንበሩን በተሻገርን ሰሞን ሰልፉ ረጅም፣ መዝጋቢው ደክሞት፣ አስተርጓሚው ከሱ በላይ ደክሞት ነበር። የልጄን የትውልድ ቀን ጠየቀ። «ስድስት» አልኩ። «ወሩስ?» «አሥራ ሦስተኛው።» አስተርጓሚው ሳያንገራግር አስተላለፈ። መዝጋቢው ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ አማቴ ቀርበው «ሰኔ ሚካኤል» አሉ፤ ጃንዋሪ 1። እኔም ባለቤቴም ልጁም ጃንዋሪ 1። ከኋላችን የቆመው ሰው እኛን አይቶ ተምሮ ኖሮ ሳይጠየቅ «ጃንዋሪ 1» ብሎ ጊዜ ቆጠበ። ዓመታችንን ቢጠይቁን ግርግሩን፣ አብዮቱን፣ ድርቁን ልናስረዳ ተዘጋጅተን ነበር፤ ግን ለዚህ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ አልነበረም።

ጃንዋሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ 23 ነው፤ በየ4 ዓመቱ አንዴ ደግሞ 22 ይሆናል። ይህን ለአማቴ ሳሰላላቸው «ታኅሣሥ 23 ጊዮርጊስ ነው፣ 22 ዑራኤል ነው፤ ሁለቱም ክፉ አይደሉም» ብለው ተቀበሉ። ለሚካኤል ግን ለብቻው ማብራሪያ ሳይሰጡት አልቀሩም።

ልጆቹ ነገሩን ወደ ድግስ ቀየሩት። ልደት ማለት ኬክና ሻማ መሆኑን ከስልክ ተምረዋል፤ የስልኩ ባለቤቶች ደግሞ ቻርጅ የማደርግላቸው ደንበኞቼ ናቸው፣ ስለዚህ ጥፋቱ ከፊሉ የእኔው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 በአንድ ሻማ የቤተሰቡን ሁሉ ልደት ልናከብር ወሰንን። ባለቤቴ ድፎ ጋገረች። ሐጂ ሃላዋ ይዘው መጡና ለምን እንደተሰበሰብን ሲሰሙ የጀላቢያቸውን ኪስ ፈትሸው መታወቂያቸውን አወጡ። ጃንዋሪ 1! እሳቸውንም ሀገራቸው ውስጥ፣ ማንም ሳያባርራቸው፣ አንድ መዝጋቢ ጃንዋሪ 1 አድርጓቸው ኖሯል። በሳቅ ፈረስን። ሳቁ ሳያልቅ ሐጂ እጃቸውን አነሡ፦ «ሱዳን ራሷስ መቼ ነው የተወለደች?» እውነታቸውን ነው፤ ሱዳን ነፃነቷን ያገኘችው ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነው። ያን ዕለት 70 ዓመት ሞላት። «እሷንም የጻፋት ያው መዝጋቢ ነው» አሉ ሐጂ። ካርቱም የነበሩ ዘመዶቻቸው በሱዳኑ ጦርነት ከተበተኑ 3ኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር፤ ይህንን አላነሡም፣ እኛም አላነሣን። ድፎው ተቆረሰ።

ልጄ ደብተሯን አውጥታ የሐጂንም ዕድሜ ጠየቀች። 68 አሉ። በሂጅራ ነው በፀሐይ አለች። በሂጅራ። የሂጅራ ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ገደማ ያጥራልና 68ቱን ወደ ፀሐዩ ስትመልሰው 66 ሆነ። «2 ዓመት ወሰድሽብኝ» አሏት፤ ከዚያ ወደ አማቴ ዞረው «እንግዲህ ለሳቸው ስጫቸው» አሉ። አማቴም «እኔ በቂ አለኝ፣ ልጃቸውን የሚድሩበት ይሁናቸው» ብለው መለሱ።

በዚህ መሐል ትንሹ ልጅ ጮኾ ማልቀስ ጀመረ። እሱ የተወለደው እዚሁ ሐምዳይት፣ በ2014 ነው፤ አዋላጇ ቀኑንም ወሩንም ሰዓቱንም በትክክል ጽፋለታለች። ከቤተሰቡ እውነተኛ የልደት ወረቀት ያለው እሱ ብቻ ነው፣ እና ያን ዕለት ልደቱ ያልሆነውም እሱ ብቻ ሆነ። ልናባብለው ሞከርን፣ የአንተ ይበልጣል አልነው፣ አልሰማም። አማቴ አነሡትና «የእኔን ውሰደው፤ እኔ ሰኔ ሚካኤል አለኝ» አሉት። ወዲያው ዝም አለ፣ ሻማውንም እሱ አጠፋ። ደብተር ያላት ልጅ ይህን እንዴት እንደምትመዘግብ አላውቅም፤ ብቻ ብዙ ስትሰርዝ አይቻለሁ።

ስለ መመዝገብ ካነሣሁ፣ የልጆቹን ቁመት በእንጨት ላይ የመቅረጽ ልማድ ነበረኝ። ሑመራ የነበረው ቤታችን መቃን ላይ ትልቋ ከቆመችበት ጊዜ ጀምሮ በየእንቁጣጣሹ ተቀርጻ ነበር፤ እዚያው ቀርቷል። እዚህ ደግሞ በራኩባው ምሰሶ ላይ ጀመርኩ። ምስጥና ክረምት ግን ምሰሶን አያቆዩም፤ ከዝናቡ በኋላ አሮጌው ይነቀልና አዲስ ይተከላል። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ አማቴ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ከሰሉ ያለቀ መስሎኝ «በምን አፈሉት?» አልኩ። «በዚያ በተጣለው እንጨት።» ልጁ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ያስባል። የ10 ዓመት ቁመቱ እየጤሰ ነበር። ቡናው ግን ጥሩ ነበር፣ ልክድ አልችልም። ከዚያ ወዲህ የምንለካው በሲባጎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሲባጎ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ቋጠሮ፤ ከሰነዶቹ ጋር በአንድ ፌስታል ይቀመጣል። መነሣት ከመጣ አብሮ ይነሣል።

ዝሆኑና ግርግሩ በር ከከፈቱልኝ በኋላ ወደ ነገሥታቱ ለመመለስ ድፍረት አገኘሁ። ግን እዚህ ሀገር ሆኖ የመተማን ጦርነት ለልጅ መንገር ቀላል አይደለም፤ ከጎንህ ሐጂ ተቀምጠዋል። የሐጂ የአባታቸው አያት ከደርቡሾቹ ጋር እዚያው ጦርነት ላይ ነበሩ። መጋቢት 1 ቀን 1881፣ አፄ ዮሐንስ ከብዙ ሠራዊት ጋር መተማን ከበቡ፣ አጥሩንም ጥሰው ገቡ አልኩ። «ገቡ» አሉ ሐጂ። ድሉ በእጃቸው ሊሆን ሲል ንጉሡ በጥይት ተመቱ አልኩ። «ተመቱ» አሉ። በማግስቱ አረፉ፣ ሠራዊቱም ተበተነ። ከዚህ በኋላ ያለውን፣ አስከሬናቸው አትባራ ዳር ተማርኮ ራሳቸው ወደ ኦምዱርማን መወሰዱን፣ እኔ መናገር ከብዶኝ ሳመነታ ሐጂ ራሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ጨረሱት። ከዚያ የእሳቸውን ወገን ጨመሩ፦ ያን ቀን የእነሱም ምርጥ ተዋጊ አልቋል፤ 10 ዓመት ሳይሞላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898፣ እንግሊዞች በኪችነር መሪነት በመትረየስ ሲመጡ እነዚያ ሰዎች አልነበሩም።

ልጄ ሁለታችንን እያፈራረቀ አየ። «እና ማን አሸነፈ?»

ሐጂ ሻያቸውን አማሰሉ። «ጥይቱን የሸጠው» አሉ።

ልጁ ይበልጥ የወደደው ግን የተሸነፈ ንጉሥ ሳይሆን የተሰደደ ንጉሥ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በጣልያን ወረራ ጊዜ ወጥተው እንግሊዝ ሀገር ባዝ ከተማ እንደኖሩ፣ በኋላ ካርቱም መጥተው እንደቆዩ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ደግሞ በዚሁ ድንበር፣ ከእኛ በስተደቡብ በኦሜድላ በኩል ሀገራቸው እንደገቡ ስነግረው ከተኛበት ተነሣ።

«ስደተኛ ነበሩ ማለት ነው?»

«5 ዓመት ያህል።»

«ካርድ ነበራቸው?»

«አይመስለኝም።»

«ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ነው?»

«የለም፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ነው።»

ዝም ብሎ ቆየ። «ንጉሥ ስለሆኑ ነው ቀኑን የተዉላቸው» አለ። ልከራከረው ብዬ ማስረጃ አጣሁ።

የባለቤቴን ልደት ለመጨረሻ ያቆየሁት ረጅም ስለሆነ ነው። አማቴ በ77ቱ ድርቅ እርጉዝ ሆነው በእግር ሱዳን ገቡ፤ ባለቤቴን የወለዷት ኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት በኡም ራኩባና በገዳሪፍ ዙሪያ ከነበሩት ሰዎች መካከል ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም በበሽታና በረሃብ እዚያው ቀሩ። አማቴ ጎረቤታቸው አንዲት ቤተ እስራኤላዊት ነበረች ይላሉ፣ ሸክላ ትሠራ ነበር። አንድ ሌሊት ጠፋች። ማሰሮዋን ለአማቴ ትታ ነው የሄደችው፣ ስንብት የለም። «መቼ ነው እማማ?» ሲሏቸው «በኅዳር ሚካኤል ሰሞን» ይላሉ። ልጄ ፈልጋ ስታገኘው አፏን ያዘች፦ የሙሴ ዘመቻ የተባለው፣ ሰዎቹን በሌሊት ከገዳሪፍ አካባቢ በአውቶቡስ ወደ ካርቱም እያጓጓዙ በአውሮፕላን ያወጡበት ሥራ የጀመረው ኅዳር 12 ቀን 1977 ነው። እስከ ታኅሣሥ 27 ድረስ ወደ 8 ሺህ ሰው ወጣ። የቀሩትና በመንገድ ያለቁት ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ናቸው ተብሎ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ በየዓመቱም ልጆችና የልጅ ልጆች እየሄዱ ያስቧቸዋል። አማቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «ኢየሩሳሌም ከደረሰች ማሰሮውን አትፈልገውም» አሉ፤ ቆይተው ደግሞ «ባይሰበርብኝ ኖሮ አስቀምጥላት ነበር» አሉ።

ኡም ራኩባ ከዓመታት በኋላ ተዘግቶ ነበር። በኅዳር 2013 ለእኛ ሲባል እንደገና ተከፈተ። ከሐምዳይት በመኪና ጭነው ሲወስዱን አማቴ የት እንደሆነ አላወቁም ነበር፤ ስንደርስ ወርደው አካባቢውን ቃኙና «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ» አሉ። ሴት ልጃቸው የ77ቱን ልጅነቷን ይዛ፣ ሦስተኛ ልጇ ገና ሳይታሰብ፣ የተወለደችበት ሜዳ ላይ ፌስታል ታቅፋ ቆማ ነበር። ባለቤቴ በዚያ ቀን ስለ ምን እንዳሰበች ጠይቄያት «ውኃ የት ነው የሚቀዳው ብዬ» አለችኝ።

በማግስቱ አማቴ ልጆቹን ሰበሰቡና እናታቸው የተወለደችበትን ዛፍ አሳዩአቸው። ትልቅ ግራር ነው። ልጆቹ ነኩት፣ ዞሩት። በሦስተኛው ቀን ውኃ ሲቀዱ ሌላ ዛፍ አሳዩአቸው። ልጄ ደብተሯን ገልጣ «እማማ፣ ዛፉ ያ ነበር» አለች። «ያ በኋላ የበቀለ ነው» አሉ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ አንድ ጉቶ አገኙ። ይሄኛው ነው፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ምጥ ሲይዘኝ የተደገፍኩት እሱን ነው አሉ፤ ጉቶው ከጉልበታቸው በታች ነበር።

ወደ ሐምዳይት ከተመለስን በኋላም ጉዳዩ አልተዘጋም። ልጄ ሦስቱንም ዛፎች በደብተሯ ሥላለች፣ ከውኃ ቧንቧው ምን ያህል እርምጃ እንደሚርቁ ጽፋለች፣ በአያቷ ምስክርነት ላይ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ጥያቄ ምልክት አድርጋለች። ሰሞኑን እራት ላይ ነገሩን እንደገና አነሣችው፤ ወንድሟ ለግራሩ ቆመ፣ አማቴ ለጉቶው፣ እኔ ደግሞ የ36 ዓመት ዕድሜ ያለው ግራር ምን ያህል ሊወፍር እንደሚችል ለማስረዳት ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ልጄ አቋረጠችኝና ወደ እናቷ ዞረች።

«እማዬ፣ የተወለድሽው አንቺ ነሽ። የትኛው ይሁን?»

ባለቤቴ የትንሹን አፍ እየጠረገች ነበር። ቀና አላለችም።

«ጥላ ያለው» አለች።